ሁለት ፈቃድ በአንድ ሣጥን

አባቴ ካረፈ ከዓመት በኋላ የቆርቆሮ ሣጥኑን የከፈትነው እኔና እኅቴ ነን። ከመዝገቦቹና ከደረሰኞቹ ሥር ሁለት የንግድ ፈቃዶች በላስቲክ ተጠቅልለው ተገኙ። አንደኛው በአባቴ ስም የወጣ የሸቀጣ ሸቀጥ ችርቻሮ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው የእህል ንግድ ፈቃድ ሲሆን የተጻፈው በታናሽ ወንድሙ፣ በአጎቴ ስም ነው። የታደሱት በአንድ ቀን ነው። አባቴ ሁለቱንም ገልብጦ ከጀርባቸው በእርሳስ ጽፎባቸዋል፤ በአንደኛው ላይ «የእኔ»፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ «የእኔ በእሱ ስም» ይላል።

በቤታችን ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሁለት ወንድማማቾችን ያኳረፈው ነገር በእነዚህ አራት ቃላት ውስጥ ነው ያለው። የቤታችን ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁም ነበር። ዳሩ ግን ያን ጊዜ በየትንሹ ከተማ በስንት ቤት እንዲህ ያለ ሁለተኛ ወረቀት እንደ ተቀመጠ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነገሩን ያመጣው ደግሞ መንግሥት የሱቅን መጠን ለመወሰን ያወጣው ሕግ ነው።

የደሴን መንገድ የሄደ ሰው ሸዋ ሮቢትን አያጣትም። ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለውን የጣርማበርን ዋሻ አቋርጦ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ ቁልቁለቱን ሲያያዘው ጆሮው ይደፈናል፤ ካፖርቱን ያወልቃል። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ይቀበለዋል። ያ ነው ቀወት፣ ያ ነው የይፋት ቆላ። ማሽላው፣ ጤፉ፣ ሽንኩርቱ፣ ማሾው፣ የትምባሆ እርሻው ከዚያ ነው። ከተማዋ የተዘረጋችው በመንገዱ ግራና ቀኝ ስለሆነ ሱቆቿም ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረው ተደርድረዋል። የአባቴም ሱቅ ከእነሱ አንዱ ነበር።

እዚያ አገር ሱቅ ምን ማለት እንደ ነበር ካልተናገርኩ የኋላው ነገር አይገባም። ገበሬው በክረምት ገንዘብ የለውም። ጨው፣ ላምባ፣ ስኳር፣ ለልጁ አቡጀዲ የሚወስደው በዱቤ ነው። ባለ ሱቁ በመዝገብ ያሰፍርለታል። አዝመራው ሲደርስ ገበሬው ዕዳውን የሚከፍለው በጤፍ ወይም በማሽላ ነው። ስለዚህ ባለ ሱቁ ወደደም ጠላም እህል ነጋዴ ይሆናል። ከሱቁ ጀርባ ጎተራ ያሠራል፤ ሚዛን ያቆማል፤ ኩንታሉን ለሚጭን መኪና ያስማማል። ሱቁና ጎተራው የአንድ በሬ ሁለት ቀንድ ናቸው። በትልቅ ከተማ ጨርቅ የሚሸጥ ጨርቅ ብቻ ሸጦ ያድራል። በትንሽ ከተማ ግን አንድ ነጋዴ ሦስት ነገር ካልያዘ አንዱም አያቆመውም።

ይፋት በነጋዴ ላይ ገደብ ሲጣል ያየችው በአባቴ ዘመን ብቻ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የወላስማ ሱልጣኖች አገር በነበረችበት ጊዜ ከዘይላ ወደ መሐል አገር የሚወጣው የንግድ መንገድ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነበር፤ ኖራና አስበሪ የሚባሉት የፍርስራሽ ከተሞች ዛሬም ይመሰክራሉ። (የአርጎባ ሸማኔዎችን ነገር እዚህ ላይ ብጀምር ሌላ ጽሑፍ ይወጣኛልና ልለፈው።) ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ዓርብ ዓርብ የምትቆም ታላቅ ገበያ ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ይዞ ይደርሳል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ባሪያም ጭምር ይዞ ይመለሳል። የባሪያው ገበያ እዚያው አጠገብ አብዱል ረሱል ነበር። ካፒቴን ሐሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ እ.ኤ.አ. በ1841 ከንጉሡ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል የወጣው በዚያው መንገድ ነው።

የንጉሡ ሥርዓት ቀላል ነበር። ከባሕር ዳር የመጣው ነጋዴ ከአልዩ አምባና ከአብዱል ረሱል አልፎ ወደ ደጋው ዘልቆ መነገድ አይፈቀድለትም። እዚያው ያራግፋል፤ እዚያው ቀረጥ ይከፍላል፤ እዚያው ይሸጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ንግድ ለአገሬው ነው። ንጉሡ የሲራራውን ሀብት አልቆጠሩም፤ ግመሉንም አልገደቡም። የለኩት መንገዱን ነው፤ እስከዚህ ትመጣለህ፣ ከዚህ አታልፍም አሉ። ለአገሬው ነጋዴ አዝነው ነው ወይስ ለግምጃ ቤታቸው? መልሱ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ በር አንድ ሲሆን ቀረጥ አያመልጥምና። ቢሆንም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ትንሹ ነጋዴ ትልቁ የማይገባበት የራሱ ሜዳ ነበረው። ይህን ነገር ልብ ይሏል።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ደርግ መጣ። በጥር 1967 ዓ.ም. 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ ተወረሱ፤ በ29ኙ ደግሞ መንግሥት አብላጫውን ድርሻ ያዘ። በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። የቀረው ያልተወረሰው ነጋዴ ነው። እሱን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 76 በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. ወጣ። በግል የሚነግድ ሰው ካፒታሉ በችርቻሮ ከ200,000 ብር፣ በጅምላ ከ300,000 ብር፣ በኢንዱስትሪ ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሌላም አንቀጽ ነበረው፤ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ መያዝ አይችልም።

ስለዚህ አዋጅ የሚናገሩ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት ቁጥሮቹን ነው። የመርካቶና የፒያሳ ሰዎች ይህን ቢያነሡ አልፈርድባቸውም። በዚያ ጊዜ አንድ ዶላር የሚመነዘረው በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበርና 200,000 ብር ወደ 97,000 ዶላር ገደማ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን እንኳን ሁለት መቶ ሺህ፣ ሃያ ሺህ የደረሰ ሱቅ ሲጠራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። የአባቴ መዝገብ ከነዱቤው ሲደመር ከአሥር ሺህ ብዙም አያልፍም። ጣሪያው ከእኛ ራስ በላይ እንደ ሰማይ የራቀ ነበር። ማንም አልነካውም፤ ማንንም አልነካም።

የነካን ያ ሁለተኛው አንቀጽ ነው። አንድ ሰው አንድ ፈቃድ! ለመሆኑ የችርቻሮ ፈቃድ የያዘ ሰው በዱቤ የሸጠውን ጨው በጤፍ ሲከፈለው ጤፉን የት ያድርሰው? ሱቁን ይዞ ጎተራውን ይዝጋ? ጎተራውን ይዞ ሱቁን ይዝጋ? ትልቁን ነጋዴ ለመግታት የተወረወረው ገመድ ትልቁን ስቶ ትንሹን ጠለፈው። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ክፉ አስበው ነው አልልም። ሱቅ ሲሉ የታያቸው የአዲስ አበባ መደብር እንደ ነበር ግን እጠረጥራለሁ።

አባቴ ያደረገው ብዙ ሰው ያደረገውን ነው። ሱቁን በራሱ ስም፣ ጎተራውን በወንድሙ ስም አስመዘገበ። አጎቴ ያን ጊዜ ገና ሃያ ያልሞላው፣ ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ የሚያድር ልጅ ነበር። «ጋሼ ያለው ይሁን» አለ። የጽሑፍ ውል አልተጻፈም። በወንድማማች መካከል ምን ውል አለ? ቢጻፍስ ማን ያጸድቀዋል? ሕጉ የከለከለውን ነገር ሕግ ፊት ይዘው ሊቀርቡ አይችሉም።

መንግሥት በበኩሉ የራሱን ትልቅ ሱቅ ከፈተ። በየቀበሌው የኅብረት ሱቅ ተቋቋመ። ስኳሩና ሳሙናው መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል፤ የተረፈው፣ ከተረፈ፣ ለግል ነጋዴው ይደርሳል። ጣሪያ የሌለው ነጋዴ በአገሩ ላይ አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም መንግሥት ነው። በእህሉ በኩል ደግሞ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መጣ። ገበሬውም እህል ነጋዴውም በመንግሥት ዋጋ የሚያስረክቡት ኮታ ተጣለባቸው፤ ዋጋው ከገበያው በታች ነው። በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ያለ ወረቀት አንድ ኩንታል ጤፍ ይዞ ጣርማበርን መውጣት ወንጀል ሆነ።

ኮታ የሚጠየቀው እንግዲህ ማን ነው? እህል ነጋዴ ተብሎ የተመዘገበው ነዋ! አጎቴ ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። የእኛ አብዮት በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ፈረንሳይና ጃፓንም በትልልቅ ሱቆች ላይ ሕግ አወጡ። ፈረንሳይ ውስጥ ካርፉር የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ከፓሪስ ዳርቻ 2,500 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው መደብር ከከፈተ ወዲህ የየመንደሩ ባለ ሱቅ ተሸበረ፤ ሰልፍ ወጣ። ሮዋዬ የተባሉት ሚኒስትር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1973 ሕግ አስጸደቁ። ሕዝቡ ከ40,000 በታች በሆነ ከተማ ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ፣ በትልቁ ከተማ ደግሞ ከ1,500 በላይ የመሸጫ ወለል ያለው መደብር ያለ ልዩ ፈቃድ አይከፈትም አለ። ፈቃዱን የሚሰጠው የክፍለ ሀገሩ ኮሚሽን ነው። ከ20 አባላቱ 9ኙ በሕዝብ የተመረጡ፣ 9ኙ ነጋዴዎችና ባለ እጆች፣ 2ቱ ሸማቾች ነበሩ። ጃፓኖችም በዚያው ዓመት ከ1,500 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ መደብር፣ በታላላቆቹ ከተሞች ከ3,000 በላይ የሆነ፣ ከመከፈቱ በፊት ከአካባቢው ነጋዴ ጋር እንዲመከርበት ደነገጉ። ጥቂት ዓመት ቆይተው ወለሉን ወደ 500 ዝቅ አደረጉት።

ሕጎቹ ያማሩ ነበሩ ለማለት አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ 999 ካሬ ሜትር የሆኑ መደብሮች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ለኮሚሽን ድምፅ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ማለፉም የአደባባይ ምሥጢር ሆነና እ.ኤ.አ. በ1993 ኮሚሽኖቹ በሌላ ተተኩ። ቀድመው ተከፍተው የነበሩት ትልልቆቹም በሕጉ ተጠቀሙ፤ አዲስ ተፎካካሪ አይመጣባቸውማ! ጃፓን ላይ ደግሞ አሜሪካኖች በሩን ካልከፈታችሁ እያሉ ወተወቱ። ቶይስ አር አስ የተባለው የአሜሪካ የመጫወቻ መደብር እዚያ ሲከፈት እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ፕሬዚዳንት ቡሽ ራሳቸው ተገኙ። ፕሬዚዳንት ለአሻንጉሊት ሱቅ ምርቃት! ሕጉም እ.ኤ.አ. በ2000 ተሻረ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለማነጻጸር ነው። እነሱ የለኩት ወለሉን ነው። ወለል በሜትር ይለካል፤ አይደበቅም። ደርግ የለካው ገንዘቡን ነው፤ ገንዘብ ደግሞ በወንድም ስም ይደበቃል። ሦስተኛው ልዩነት ግን ከሁለቱም ይበልጥብኛል። በፈረንሳይ ኮሚሽን ውስጥ፣ ጉቦውም እንዳለ ሆኖ፣ የከተማው ባለ ሱቅ ወንበር ነበረው። ሸዋ ሮቢትን ግን ንጉሡም አልጠየቋት፤ ደርግም አልጠየቃት።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ። የካፒታሉ ጣሪያ ተነሣ፣ ኮታው ተነሣ፣ ኬላው ተከፈተ። አባቴ ያን ቀን ሬዲዮ አጠገብ ተቀምጦ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ብዙ ሳይቆይ አጎቴን ጠርቶ «በል እንግዲህ ጎተራውን ወደ እኔ እንመልሰው» አለው። አጎቴ ዝም አለ። በሳምንቱ የሰጠው መልስ በከተማው ሁሉ ተሰማ። «ጋሼ፣ ወረቀቱ የእኔ ነው» አለ።

ሽማግሌ ገባ። አንድ ቅዳሜ ተቀምጠው በሌላ ቅዳሜ ተነሡ። ወረቀቱ ለአጎቴ ይመሰክራል፤ መነሻው ገንዘብ ለአባቴ ይመሰክራል። ፍርድ ቤት ለመሄድ አባቴ አፈረ፤ ቢሄድም «ሕግ ጥሼ ነበር» ብሎ ነው የሚጀምረው። ጎተራው ለአጎቴ ቀረ፤ ሱቁ ለአባቴ። በሬው ሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ሱቁ ያለ ጎተራ ዱቤ መስጠት አልቻለም፤ ጎተራው ያለ ሱቅ ደንበኛ አጣ። ሁለቱም ቀጨጩ። እኛ ልጆቹ አጎታችንን ቀማኛ ነው እያልን አደግን። እኔም እስከዚያ ሣጥን ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

ከሁለቱ ፈቃዶች ጋር አንድ የደብተር ቅዳጅ ነበረ። የአባቴ ጽሑፍ ነው። አጎቴ ኮታ አላስገባህም ተብሎ የታሰረባቸው ቀኖች ተራ በተራ ሰፍረዋል፤ አንዴ ዘጠኝ ቀን፣ አንዴ ሃያ ሁለት ቀን፣ አንዴ አርባ ቀን። ከጎናቸው አባቴ ያደረሰለት ምሳ ተጽፏል። ከሥር አንድ መስመር አለ፤ «በእኔ ፈንታ»።

አጎቴ በሽማግሌው ፊት ይህን መናገሩን በኋላ ሰማሁ። «ፈቃዱ በስሜ ሲሆን እስሩም በስሜ ነበር» ብሎ ነበር አሉ። አባቴ አላስተባበለም። እንግዲህ የማን ነበር ጎተራው? እኔ መልሱን አላውቀውም። የማውቀው ነገር ቢኖር ያ አንቀጽ ባይኖር ኖሮ ጥያቄው አይነሣም ነበር።

ዛሬ ነገሩ በሌላ ፊቱ መጥቷል። የችርቻሮ ንግድ ለረጅም ዓመታት ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ የተከለለ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብም ክልሉን አጽንቶት ነበር። ያ ከሣህለ ሥላሴ ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል፤ ከባሕር ማዶ የመጣው እዚህ ይቁም ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን የኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ ችርቻሮው፣ ጅምላው፣ አስመጪነቱም ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ተባለ፤ ዋጋ ይወርዳል የሚሉ አሉ፣ ነጋዴው ያልቃል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚያወራው ስለ አዲስ አበባ ነው። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ2012 የውጭ ችርቻሮ መደብሮችን ሲያስገቡ ሕዝቡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሆነ ከተማ ይጀምር ብለው ነበር። ቢያንስ ትንሽ ከተማ ከትልቅ እንደሚለይ አስበውበታል።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ የዚያ መንገድ ነጋዴ ከዜሮ ጀምሯል። ከዚያ ተነሥቶ እንደገና መደርደሪያ የሞላ ሰው የትልቅ መደብር ወሬ ሲሰማ የሚያስበው ከእኔና ከአንባቢ የተለየ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ፈቃዱን ይዤ ወረድኩ። አጎቴም አርፏል፤ ጎተራውን አሁን ልጁ ሱቅ አድርጎታል። ወረቀቱን ሰጠሁት። ገልብጦ የእርሳሱን ጽሑፍ አነበበ፤ የደብተሩንም ቅዳጅ አነበበ። ብዙ አልተናገረም። ቡና አስመጣልኝ።

ከሱቁ ማዶ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ እየተሠራ ነው። ምድር ቤቱ ሱፐርማርኬት ይሆናል አሉ፤ የማን እንደሆነ ሁሉም የየራሱን ይላል። ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ የአጎቴ ልጅ «ና እስቲ» ብሎኝ አብረን ተሻገርን። በር ገና አልተገጠመም። ከአንደኛው ግድግዳ ተነሥቶ እግሩን ከእግሩ እያስከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ ሌላኛው ግድግዳ ሄደ። ከዚያ ዞሮ ቁመቱን ለካ። ተመልሶ ሲመጣ አባዛው፤ እንደገናም አባዛው።

«የእኛ ስንት ነው?» አልኩት።

«እሱንማ ለክቼው አላውቅም» አለኝ።